ኦርጅናሉ እያለ ኮፒውን ማን ይገዛል? ስለ ስታርመርና ስለ ስደተኛ ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ሦስት ጊዜ ደረሰኝ። መጀመሪያ የላከልኝ አንድ የሳቢያን ሰፈር ልጅ ነው። ቀጥሎ አንድ የሥራ ባልደረባዬ "ይህን አንብብማ" ብሎ ላከው። በሦስተኛው ቀን በርጫ ላይ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ጮክ ብሎ አነበበልን። ድሬ ላይ የከሰዓት ወሬ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ጫት ዋጋ፣ ስለ ፕሪሚየር ሊግ ነው። ያን ቀን ግን የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ኪር ስታርመር አጀንዳ ሆኑ። (የአርሰናል ደጋፊ መሆናቸውን አንዱ ስለነገረን የክፍሉ ግማሽ ወዲያው ወደዳቸው።)

ንባቡ ሲያልቅ "አቦ እውነቱን ነው!" ያሉ ብዙ ነበሩ። እኔን ግን የከነከነኝ ነገር ነበር። አፌን ልከፍት ስል ወሬው ወደ ሌላ ዞረ። ምርቃና ላይ አንድ ክርክር ይዞ መዝለቅ ከባድ ነው። ስለዚህ ጻፍኩት።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ባጭሩ ላስቀምጠው። ጸሐፊው እንዲህ ይላሉ። የሌበር ፓርቲ መሪ ስታርመር በስደተኛ ጉዳይ ጠበቅ ማለታቸው ብልህነት ነው፤ ስደተኛን በመቃወም ወደሚታወቀው የናይጀል ፋራጅ ሪፎርም ፓርቲ የኮበለለውን መራጭ ይመልስላቸዋል። ለዚህ ምስክሯ ዴንማርክ ናት። የመራጩ ንዴት ከስደተኛው ቁጥር የመጣ ስለሆነ፣ ቁጥሩ ሲወርድ ንዴቱም ይበርዳል። በዚህ አቋም የሚከፉት የሌበር ደጋፊዎች ደግሞ መሄጃ የላቸውም፤ ምርጫ ሲደርስ ይመለሳሉ። ለእኛ ለኢትዮጵያውያንም ነገሩ መልካም ዜና ነው፤ በሩ ሲጠብ ታህሪቡ፣ በደላላ የሚደረገው ሕገ ወጥ ስደት፣ ይቀንሳል።

በጨዋ ቋንቋ የተጻፈ ነው። ማንንም አይሳደብም፣ የሰውን ዘር አያነሳም። እንደዚያ የተጻፈ ነገር በዚህ ዘመን ብርቅ ስለሆነ እኔም በዚያው ልክ ልመልስ። የምጠቅሳቸው ቀኖች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ጉዳዩ የእነሱ ስለሆነ በእነሱ ይሁን።

መጀመሪያ የምቀበለውን ልቀበል። ሌበር ድምፅ እያጣ ነው ማለታቸው ልክ ነው። ሜይ 1 ቀን 2025 በተደረገው የአካባቢ ምርጫ ሪፎርም 677 መቀመጫ ወስዶ 10 ምክር ቤቶችን ተቆጣጠረ። ከዓመት በፊት በፓርላማ ያገኘው 5 ወንበር ብቻ ነበር። ይህን አይቶ የማይደነግጥ የፓርቲ መሪ ካለ ሥራውን ይልቀቅ። ስለ ስደተኛ የጠየቀ ሁሉ ዘረኛ አይደለም የሚሉትም እውነት ነው። እኛም ብንሆን "መጤ" የምትባለዋን ቃል ከአፋችን አውጥተን አልጣልናትም። በአረብ፣ በግሪክ፣ በአርመን፣ በህንድና በፈረንሳይ ነጋዴ ባቡር ጣቢያ ዙሪያ የተሠራች ከተማ ውስጥ ተቀምጠን እንኳ እናወጣታለን።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነጥብ፤ ጠበቅ ማለት መራጩን ይመልሳል ወደሚለው።

እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን የሚባለው ገበያ ገብቶ ጫማ የገዛ ሰው ይህን ለመመርመር ፖለቲካ መማር አያስፈልገውም። ባለፈው ወር ለወንድሜ ልጅ ስኒከር ልገዛ ሄድኩ። ሻጩ ሁለት ጥንድ አውጥቶ ፊቴ አስቀመጠ። "ይሄ ኦርጅናል ነው፣ ይሄ ኮፒ" አለኝ፣ ምንም ሳይደብቅ። ሁለቱንም አጠፍ እያደረገ ሶሉን አሳየኝ። የኮፒው ሙጫ በጠርዙ በኩል ቢጫ ሆኖ ወጥቷል። "ታዲያ ይህን ማን ይገዛዋል?" አልኩት። ሳቀብኝ። "አቦ፣ በግማሽ ዋጋ ነዋ!"

ኮፒ የሚሸጠው ስለሚረክስ ነው። ድምፅ ግን አይረክስም። ለፋራጅም ስጠው፣ ለስታርመርም ስጠው፣ በእጅህ ያለው አንድ ወረቀት ነው። ዋጋቸው እኩል ከሆነ ሙጫው የወጣበትን ማን ያነሳል?

ሙጫው ደግሞ ወጥቷል። ሜይ 12 ቀን 2025 ስታርመር አዲሱን የስደተኛ ፖሊሲ ሲያስተዋውቁ፣ ፍትሐዊ ደንብ ከሌለን "የባዕዳን ደሴት" እንዳንሆን ያሰጋል አሉ። ጸሐፊው ይህን "የእንግዶች ደሴት" ብለው ነው የተረጎሙት። እኛ ዘንድ እንግዳ ሲመጣ ምንጣፍ ይነጠፋል፣ ሆጃ ይጣዳል። ስለዚህ ቃሉ በአማርኛ ለዘብ አለላቸው። እንግሊዞቹ የሰሙት ግን ባዕድ የሚለውን ነው፤ ብዙዎችም ወዲያው ኢኖክ ፓወልን አስታወሱ። ፓወል በ1968 ባደረገው ንግግር እንግሊዛውያን በገዛ አገራቸው ባዕድ ሆኑ ብሎ የነበረ ፖለቲከኛ ነው።

በጁን መጨረሻ ስታርመር ራሳቸው በዚያ አባባል በጣም እንደሚጸጸቱ ተናገሩ። በሴፕቴምበር መጨረሻ፣ ሪፎርም ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ የሚባለውን ነገር እሰርዛለሁ ሲል፣ ዕቅዱን ዘረኛ ነው አሉት። በኖቬምበር ደግሞ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትራቸው ሻባና ማህሙድ ሌላ ዕቅድ ይዘው መጡ። በሕገ ወጥ መንገድ ገብቶ ጥገኝነት ያገኘ ሰው ቋሚ ፈቃድ ለማግኘት 20 ዓመት ይጠብቅ የሚል። በስድስት ወር ውስጥ አራት ዓይነት ድምፅ።

ስደተኛ ይቁም የሚለው መራጭ ይህን ሲያይ "ለካ ፋራጅ ልክ ነበር" ይላል። ስደተኛ አይነካብኝ የሚለው "እነዚህም ያው ናቸው" ይላል። መሃል ላይ ያለው ደግሞ "ሰውየው የሚያምነው የቱን ነው?" ብሎ ይጠይቃል። ከሦስቱ አንዱም "እንግዲህ ወደ ሌበር ልመለስ" አይልም።

አላሉምም። ከሜይ ንግግር በኋላ ሪፎርም አልወረደም፤ እስከ ዓመቱ ማብቂያ በሕዝብ አስተያየት ጥናቶች ይመራ ነበር። ኦክቶበር 23 ቀን ዌልስ ውስጥ፣ ኬርፊሊ በምትባል የምርጫ ክልል፣ ለዌልስ ፓርላማ የማሟያ ምርጫ ተደረገ። አካባቢው ሌበር ለመቶ ዓመት ያህል የነገሠበት ነው። ያገኘው 11 በመቶ ሆነ። ይበልጥ የሚገርመው አሸናፊው ነው። ሪፎርም በ36 በመቶ ሁለተኛ ወጣ። 47 በመቶ ይዞ ያሸነፈው ፕላይድ ከምሪ የሚባለው የዌልስ ፓርቲ ሲሆን፣ ስለ ስደተኛ ሲናገር ከሌበር የለዘበ ነው። ሌበር ወደ ቀኝ ሲያይ በግራ በኩል ቤቱ ተዘረፈ።

ጸሐፊው እዚህ ጋ "ሌበር የወደቀው በሌላ ምክንያት ነው" ሊሉኝ ይችላሉ። እስማማለሁ። በ2024 የጡረተኞችን የክረምት ማሞቂያ ድጎማ መቁረጣቸው ብቻውን ስንቱን አስቀየመ፤ በኋላ ለአብዛኞቹ መለሱላቸው፣ ቂሙ ግን አልተመለሰም። ኑሮው ተወዷል፣ የሐኪም ቤት ወረፋው ረጅም ነው። ግን ይህ መልስ የሚረዳው እኔን ነው። ሰዉ የራቀው በማሞቂያና በወረፋ ከሆነ፣ ስደተኛ ላይ ጠበቅ ማለት በምን ሒሳብ ይመልሰዋል? ጥርሱን ላመመው ሰው የዓይን ጠብታ ማዘዝ ነው።

ዴንማርክ ላይ ጠንካራ ነጥብ አላቸው። ሜተ ፍሬደሪክሰን የግራ ዘመሞቹን የሶሻል ዴሞክራቶች አመራር በ2015 ከያዙ በኋላ ፓርቲያቸውን በስደተኛ ጉዳይ ወደ ቀኝ ወሰዱት፤ በ2019 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ስደተኛን በመቃወም የሚታወቀው የዴንማርክ ሕዝብ ፓርቲም ከ21.1 በመቶ ወደ 8.7 በመቶ ወረደ። ጸሐፊው እዚህ ላይ ያቆማሉ። ታሪኩ ግን የሚጥመው ከዚህ በኋላ ነው።

የሶሻል ዴሞክራቶቹን የራሳቸውን ድምፅ እንይ። በ2015 26.3 በመቶ ነበር። በ2019 25.9 ሆነ። ቀነሰ! ታዲያ ሴትዮዋ በምን ወንበሩ ላይ ወጡ? ጎረቤቶቻቸው አድገው ነው። ለዘብተኞቹ ሶሻል ሊበራሎች ከ4.6 ወደ 8.6 ወጡ፤ የሶሻሊስት ሕዝብ ፓርቲ የሚባለው ከ4.2 ወደ 7.7። ሁለቱም በስደተኛ ጉዳይ ከእሳቸው የለዘቡ ነበሩ። በፍሬደሪክሰን የተከፋ ግራ ዘመም መራጭ ወደ እነዚህ ጎረቤቶች መሄድ ይችል ነበር። ዴንማርክ ውስጥ የፓርላማ ወንበር የሚከፋፈለው ፓርቲው ባገኘው ድምፅ ልክ ስለሆነ፣ የሸሸው ድምፅ በጓሮ በር ዞሮ እሳቸውኑ ለመደገፍ ፓርላማ ገባ።

እንግሊዝ ውስጥ ጓሮ በር የለም። በየምርጫ ክልሉ አንደኛ የወጣው ሁሉን ይወስዳል፣ ሁለተኛው ባዶ እጁን ይሄዳል። ሌበር ራሱ በጁላይ 2024 በ33.7 በመቶ ድምፅ 411 ወንበር የወሰደው በዚሁ አሠራር ነው። ሰፊ ድል ነበር፣ ግን ስስ። ፈጢራ እንደሚጋግር ሰው ሊጡን እስኪያሳይ ለጥጠው ነው የሸፈኑት። ስስ ሊጥ ደግሞ በየትኛው በኩል እንደሚቀደድ አይታወቅም። የዴንማርኩን ዘዴ ያለ ዴንማርክ የምርጫ ሕግ መገልበጥ፣ የአንዱን መኪና ቁልፍ ወስዶ የሌላውን ለማስነሳት መታገል ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ በ2022 ፍሬደሪክሰን 27.5 በመቶ አግኝተዋል፤ ጥሩ ውጤት ነው። የዴንማርክ ሕዝብ ፓርቲም 2.6 በመቶ ደርሶ ነበር። ነገር ግን በዚያው ምርጫ የዴንማርክ ዴሞክራቶች የሚባል አዲስ ፓርቲ፣ በስደተኛ ላይ ኮስተር ያለ፣ ገና በተወለደ በወራት 8.1 በመቶ ያዘ። መራጩ ሱቅ ቀየረ እንጂ ከገበያው አልወጣም። በኖቬምበር 2025 የአካባቢ ምርጫ ደግሞ ሶሻል ዴሞክራቶቹ ከመቶ ዓመት በላይ የያዟትን ኮፐንሃገንን አጡ። የሻባና ማህሙድ ዕቅድ ዴንማርክን አርአያ አድርጎ የቀረበው በዚያው ሰሞን ነበር። አርአያ ሲመርጡ ቀኑን ማየት ጥሩ ነው።

ጀርመንንም በአንድ ትንፋሽ ልጨምር፤ ጸሐፊው ስላላነሷት። በጃንዋሪ 2025 የወግ አጥባቂዎቹ መሪ ፍሪድሪሽ ሜርዝ ስደተኛን የሚመለከት ጠንካራ የውሳኔ ሐሳብ በቀኝ አክራሪው አማራጭ ለጀርመን ፓርቲ ድምፅ ታግዘው በፓርላማ አሳለፉ። በወሩ ምርጫ ሆነ። ሜርዝ አንደኛ ወጥተው መራሔ መንግሥት ሆነዋል፤ ይህን አልክድም። ግን አክራሪው ፓርቲ ከ10.4 ወደ 20.8 በመቶ እጥፍ ሆነ። ሞተ ሲባል የነበረው የግራ ፓርቲም 8.8 በመቶ ይዞ ተነሣ።

ሦስተኛው ነጥብ፣ ቁጥሩ ሲወርድ ንዴቱ ይበርዳል የሚለው፣ ስሰማው ምክንያታዊ ይመስላል። እኔም መጀመሪያ ሳነበው ራሴን ነቅንቄያለሁ። ቁጥሩን ስፈልግ ግን ነገሩ ተገለበጠ።

እንግሊዝ ውስጥ በየጊዜው የሚወጣ አሃዝ አለ፤ በዓመት ከገባው ሰው ላይ የወጣው ተቀንሶ የሚቀረው። እስከ ጁን 2024 ባለው ዓመት 649 ሺህ ነበር። እስከ ጁን 2025 ባለው ዓመት 204 ሺህ ሆነ። ከሦስት እጅ ሁለቱ ቀለጠ ማለት ነው፣ በአንድ ዓመት! በጸሐፊው ሒሳብ ይህ የሪፎርም ቀብር መሆን ነበረበት። ሪፎርም ግን ከፍ ያለው በዚያው ዓመት ነው።

ለምን? ሰው አሃዝ አይቶ አይቆጣማ። ሰው የሚቆጣው ሥዕል አይቶ ነው። ሥዕሉ ደግሞ በትናንሽ ጀልባ በፈረንሳይና በእንግሊዝ መካከል ያለውን የባሕር ቦይ የሚሻገረውና ሆቴል የሚቀመጠው ጥገኝነት ጠያቂ ነው። እዚህ ላይ ለጸሐፊው የሚያግዝ እውነት አለ፤ የጀልባዎቹ ቁጥር አልወረደም፤ በ2024 ወደ 37 ሺህ ሰው ገብቷል፣ 2025 ደግሞ ከዚያ በልጧል። ግን ጀልባው ከጠቅላላው ትንሹ ክፍል ነው። ትልቁን ክፍል በሩብና በሲሶ ብትቀንሰው ቴሌቪዥኑ ላይ የሚታይ ነገር የለም። ሥራ ቪዛ የተከለከለ ሰው አይቀረጽም።

የኤፒንግ ነገር ደግሞ ለእኛ የቀረበ ስለሆነ ዝም ብዬ አላልፈውም። በ2025 ክረምት ኤፒንግ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ሆቴል ውስጥ የነበረ ጥገኝነት ጠያቂ በወሲባዊ ጥቃት ተከሰሰ። ኢትዮጵያዊ ነው። ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ብሎ አሰረው፣ ተገቢም ነው። ከዚያ እስር ቤቱ በስህተት ለቀቀው! በሁለት ቀን ውስጥ ፈልገው ያዙት፤ ከዚያም ወደ አገሩ መለሱት። ለሳምንታት ሆቴሉ ደጃፍ ሰልፍ ነበር፤ ወሬው ከአገር አገር ዞረ። የአንድ ሰው ወንጀልና የአንድ እስር ቤት ዝርክርክነት፣ ከ400 ሺህ በላይ የቀነሰውን ቁጥር ዋጠው። መራጩ ሞኝ ስለሆነ አይደለም። ሴት ልጅ ያለው ወላጅ በልጁ ይጨነቃል፤ እኔም ብሆን እጨነቃለሁ። ስለዚህ "ቁጥሩን አወረድኩ" ብሎ ማጨብጨብ የሚጠብቅ መሪ የተጠየቀውን አልመለሰም።

የአክስቴ ልጅ እዚያው እንግሊዝ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ትሠራለች። ለዚያ ሥራ ከውጭ አዲስ ሰው ማስመጣት ከጁላይ 2025 ጀምሮ ተዘግቷል፤ እሷ ቀደም ብላ የገባች ናት። በዋትሳፕ የላከችልኝን ድምፅ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ሌሊት ተረኛ ሆና አንዲት አሮጊት ፀጉር ታበጥራለች። ቴሌቪዥኑ ጀልባ ያሳያል። አሮጊቷ "እነዚህን ሁሉ መመለስ ነው" ትላለች፣ ማበጠሪያው ፀጉሯ ውስጥ እንዳለ። ከዚያ የልጅቷን እጅ ያዝ አድርጋ "አንቺን አይደለም ሳራዬ፣ አንቺ የኛ ነሽ" ትላታለች። ስሟ ሳራ አይደለም። ሻዩን በሁለት ስኳር አመጣችላት። አሮጊቷ የምትመርጠው ሪፎርምን ነው፤ አትደብቅም።

ይህች ሴትዮ ክፍል ውስጥ ያለው የስደተኛ ቁጥር አንድ ነው፣ እሱንም ትወደዋለች። ከየትኛው ቁጥር ላይ ቀንሰን ነው የምናስደስታት?

ካርታውም ይህንኑ ይላል። ለንደን ውስጥ ከ10 ሰው 4ቱ ያህል ከእንግሊዝ ውጭ የተወለደ ነው፤ በ2016ቱ ሪፈረንደም ግን ከአውሮፓ ኅብረት አንወጣም ያለው 60 በመቶ ገደማ ነበር። ፋራጅን ፓርላማ ያስገባችው ክላክተን ውስጥ ከ10 ሰው ከ9 በላይ ነጭ ነው። በርግጥ ሁሉም ቦታ እንዲህ አይደለም። ከምሥራቅ አውሮፓ ብዙ ሠራተኛ በአጭር ጊዜ የገባባት ቦስተን 75.6 በመቶ እንውጣ ብላለች። ቦታው ትንሽ፣ ለውጡ ፈጣን ሲሆን ቁጥርም ሥራ ይሠራል። ይህን ለጸሐፊው እሰጣለሁ፤ ሙሉ ነጥቡን ግን አልሰጥም። የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮንም በ2010 ቁጥሩን ወደ አስር ሺዎች አወርዳለሁ ብለው ቃል ገቡ። አልቻሉም። በየሩብ ዓመቱ አሃዙ ሲወጣ ቃላቸውን ማፍረሳቸው ይታወጅ ነበር። በ2014 የአውሮፓ ፓርላማ ምርጫ አንደኛ የወጣው የፋራጅ የያኔው ፓርቲ ሆነ። መሪ ራሱ የመዘነበት ሚዛን ላይ ሲወድቅ ተፎካካሪው ምንም መሥራት አይጠበቅበትም።

"መሄጃ የላቸውም" የሚለውን አራተኛ ነጥብ ሳነብ እንደ ድሬ ልጅ ሳቄ መጣ። መሄጃ የለውም ተብሎ የተናቀ ደንበኛ ነው መጀመሪያ የሚሄደው። እስቲ ረንኮርንና ሄልዝቢን እንይ። በ2024 ሌበር ከ14 ሺህ በላይ በሆነ ልዩነት ያሸነፈበት ክልል ነው። ሜይ 1 ቀን 2025 ማሟያ ምርጫ ተደረገ፤ ሪፎርም አሸነፈ። በስንት? በ6 ድምፅ። ስድስት! አንድ ባጃጅ ውስጥ ተጠጋግተው የሚቀመጡ ሰዎች ማለት ነው፤ ድሬ ላይ ሲመሽ እንደምንጫነው። በዚያው ምርጫ አረንጓዴው ፓርቲ ከ2,000 በላይ ድምፅ ወስዷል። ከእነዚህ 7ቱ ሌበርን ቢመርጡ ወንበሩ በእጁ ይቀር ነበር። መሄጃ የላቸውም የተባሉት ሄደው ነበር፣ ያውም ከሜይ 12 ንግግር በፊት። በሴፕቴምበር አረንጓዴዎቹ ዛክ ፖላንስኪን መሪ አድርገው መረጡ፤ ሰውየው ስደተኛን በግልጽ ይከላከላል፣ ፓርቲውም ከዚያ ወዲህ በአባልም በድጋፍም አብጧል።

ጸሐፊው ሌላም የዘለሉት ነገር አለ። እንግሊዝ ውስጥ በሕጋዊ ፈቃድ የሚኖር የኮመንዌልዝ (በአብዛኛው በእንግሊዝ ቅኝ ተገዝተው የነበሩ አገሮች ማኅበር) አገር ዜጋ፣ የእንግሊዝ ዜግነት ሳይኖረው በፓርላማ ምርጫ ድምፅ መስጠት ይችላል። የአክስቴ ልጅ ኢትዮጵያዊት ስለሆነች አትመርጥም። አብራት ሌሊት የምትገባው ናይጄሪያዊት ግን ትመርጣለች። ቋሚ ፈቃድ ለማግኘት የሚጠበቀው ጊዜ ከ5 ወደ 10 ዓመት ይራዘማል ሲባል፣ ይህች ሴት የምርጫ ካርድ በእጇ ይዛ ነው የሰማችው። "ስደተኛ" እና "መራጭ" ሁለት የተለያዩ ሰዎች አድርጎ መጻፍ ከዚህ በኋላ ትንሽ ይከብዳል።

የቀረው የእኛ ጉዳይ ነው፤ በሩ ሲጠብ ታህሪቡ ይቀንሳል የሚለው። በቅን ልብ የተጻፈ ይመስለኛል። ልጅ በበረሃና በባሕር ሲያልቅ ማየት የሰለቸው ሰው እንዲህ ቢመኝ አይፈረድበትም። ግን ድሬ የተቀመጠ ሰው እንዲህ አይጽፍም። በዚህ የሚያልፈው ልጅ የሚሄደው በደወሌ በኩል ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያ ኦቦክ፣ ከዚያ በጀልባ የመን፣ ከዚያ ሳዑዲ ነው። በለንደን መንገድ ላይ አይደለም።

ጥበቃ ማጥበቅ ምን እንደሚያመጣም አይተነዋል። በኦክቶበር 2013 የእኛው መንግሥት ዜጎች ለሥራ ወደ አረብ አገር እንዳይሄዱ አገደ። በዚያው ሰሞን ሳዑዲ ማባረር ጀመረች፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። ከዚህ በላይ መጥበቅ አለ? በሁለቱም ጫፍ ተዘጋ ማለት እኮ ነው። እገዳው በ2018 እስኪነሳ ድረስ ሕጋዊው መንገድ ተዘግቶ ቆየ፤ የደላላው መንገድ ግን አንድ ቀን አልተዘጋም። እንዲያውም ደንበኛ በዛለት። በኦገስት 2025 መጀመሪያ የመን አቢያን ዳርቻ ላይ የሰጠመችው ጀልባ የጫነቻቸው በአብዛኛው ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ በአስሮች የሚቆጠሩ ሞቱ። ሬዲዮው ይህን ባወራ ሳምንት ደቻቱ ድልድይ አጠገብ ፌስታል ያንጠለጠሉ ልጆች እንደ ወትሮው ሲያልፉ አይቻለሁ።

ጽሑፉ በርጫ ላይ በተነበበ ማግስት ጠዋት፣ ቁርስ ልበላ ከተቀመጥኩበት አጠገብ አንዱ መጥቶ ቆመ። ከወሎ ነው የመጣው። ዕድሜው አሥራ ስድስት ቢሆን ነው። ባዶ ሃይላንድ ይዟል፤ ውሃ እንዲሞሉለት ሊለምን። ሻይና ጮርናቄ አዘዝኩለት።

"ወዴት ነው?"

"ሳዑዲ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ሠርቼ እመለሳለሁ።"

የጸሐፊው ነገር ውስጤ ስለነበር ጠየቅኩት፦ "ስታርመር የሚባል ሰው ታውቃለህ?"

ማኘኩን አቆመ። ትክ ብሎ አየኝ፤ የሚያስፈልገው ስም እንዳያመልጠው የፈራ ይመስላል።

"ኦቦክ ያለው ደላላ ነው?"